ከኖቫ ወደ ኢንጂነሪንግ ዩኒቨርሲቲ፦ አሁን ልውጣ ወይስ ልጨርስ?

ጤና ይስጥልኝ። የ22 ዓመት ወጣት ነኝ። ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር በዲቪ መጥተን አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ መኖር ከጀመርን ሦስት ዓመት አልፎናል። ኖቫ (ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) አናንዴል ካምፓስ ኢንጂነሪንግ እማራለሁ። እስካሁን 38 ክሬዲት ጨርሻለሁ፤ ጂፒኤዬ 3.3 ነው። ካልኩለስ 1 ቢ፣ ኬሚስትሪ ቢ፣ የኢንጂነሪንግ መግቢያውን ኤ አግኝቻለሁ። በዚህ ሴሚስተር ካልኩለስ 2፣ ፊዚክስ 1 እና ፐብሊክ ስፒኪንግ ይዣለሁ። ማታ ማታ ኤርፖርት ፓርኪንግ በሳምንት 36 ሰዓት እሠራለሁ፤ በሰዓት 18 ዶላር ነው። ከቤት ኪራዩ 900 ዶላሩን የምከፍለው እኔ ነኝ።

ሲቪል ኢንጂነር መሆን እፈልጋለሁ። የቸገረኝ መቼና የት ልዛወር የሚለው ነው። በ30 ክሬዲት ቨርጂኒያ ቴክ የገባች ጓደኛዬ «ኖቫ ውስጥ ዕድሜሽን አትጨርሺ፣ ለሚመጣው ፎል አመልክቺ» ትለኛለች። እናቴ ደግሞ ቨርጂኒያ ቴክ ያለበት ብላክስበርግ የአራት ሰዓት መንገድ መሆኑን ስትሰማ ዝም አለች። ከምትቆጣኝ ይልቅ ዝምታዋ ይከብደኛል። ለሐኪም ቀጠሮዋ፣ በፖስታ ለሚመጣው ወረቀት ሁሉ፣ ለወንድሜ ትምህርት ቤት የምሯሯጠው እኔ ነኝ። አጎቴ «ነርሲንግ ግቢና ቶሎ ራስሽን ቻዪ» ይላል።

በዚህ ላይ የካልኩለስ 2 የመጀመሪያ ፈተና 54 መጣብኝ። አራት ፈተና አለው፤ እያንዳንዱ 15 ከመቶ ይይዛል፣ የቤት ሥራ 15፣ ፋይናል 25።

ለማንም ያልነገርኩት ነገርም አለ። አገር ቤት አንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓመት ተምሬ ነበር። ቪዛው ሲመጣ ሁለተኛውን ሴሚስተር ዊዝድሮዋል ሳልሞላ ጥዬ ስለመጣሁ ሁለት ኤፍ ተመዝግቦብኛል። ኖቫ ስገባ ቅጹ «ሌላ ኮሌጅ ተምረሻል ወይ» ሲለኝ አልተማርኩም ብዬ አለፍኩት። አሁን ለትራንስፈር ሳመለክት ይወጣብኝ ይሆን? እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። ምን ላድርግ?

እንቅልፍ ያጣሁት፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ

እህቴ፣ የጠየቅሽኝ መቼና የት ልዛወር ብለሽ ነው፤ እንቅልፍ የነሳሽ ግን የመጨረሻው ጉዳይ ስለሆነ ከእሱ እንነሳ።

የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ የተማርሽባቸውን ተቋማት ሁሉ እንድትዘረዝሪ ይጠይቃል። ውጭ አገር የተማርሽው፣ ያልጨረስሽው፣ ክሬዲቱን የማትፈልጊው ሁሉ ይገባል። መጨረሻ ላይ የምትፈርሚው የሞላሽው ሁሉ እውነት ስለመሆኑ ነው። ከዓመታት በፊት የተመዘገቡ ሁለት ኤፎች፣ ከዚያ ወዲህ በኖቫ 3.3 ላለው ሰው፣ የሚያስጠይቁ ቢሆኑም የሚያስቀሩ አይደሉም። ተደብቆ የተገኘ ትራንስክሪፕት ግን የተሰጠን ቅበላ ሊያሰርዝ ይችላል፤ ትምህርት ከጀመርሽ በኋላ እንኳ። ስለዚህ ይወጣብኝ ይሆን እያልሽ ከምትጨነቂ አንቺው አውጪው። መጀመሪያ ኖቫ ሬከርድ ክፍል ሄደሽ ሳትጠቅሺው የቀረ ትምህርት እንዳለ ተናገሪና መዝገብሽ ይስተካከል። ማመልከቻው ላይ ተጨማሪ ማብራሪያ የሚጻፍበት ቦታ ስታገኚ ደግሞ አራት መስመር ይበቃሻል፦ «ወደ አሜሪካ ከመምጣቴ በፊት አንድ ዓመት በዩኒቨርሲቲ ተምሬያለሁ። ቪዛዬ በሁለተኛው ሴሚስተር መካከል ስለደረሰ የማቋረጫ ቅጽ ሳልሞላ ወጣሁ። ሁለቱ ኤፍ በዚያ ምክንያት የተመዘገቡ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ያለው ውጤቴ ከኖቫ ትራንስክሪፕት ጋር ተያይዟል።» የቤተሰብ ችግር መዘርዘር፣ ይቅርታ መደርደር አያስፈልግም። ቅበላ ክፍል የሚሠሩ ሰዎች ምክንያቱን ማወቅ ይፈልጋሉ፤ ረጅም ልመና ግን ጥርጣሬያቸውን ይጨምረዋል።

ወረቀቱን ማስመጣቱ ግን ጊዜ ይበላልና በዚህ ሳምንት ጀምሪው። በእጅሽ ስቱደንት ኮፒ ቢኖርም የውጭ አገር ትምህርትን ለሚገመግመው ድርጅት ብዙውን ጊዜ አይበቃም፤ ሬጅስትራሩ በታሸገ ፖስታ ወይም በራሱ ኢሜይል በቀጥታ የላከው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ነው የሚፈለገው። የማቋረጫ ቅጹን ሳትሞዪ ስለወጣሽ ክሊራንስ ይጠይቁሻል፤ የወጪ መጋራቱም ጉዳይ ሊነሳ ይችላል። አገር ቤት ሄዶ የሚያስጨርስልሽ ዘመድ ካለ ዋሽንግተን ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ውክልና ያረጋግጥልሻል። ለግምገማ ከመክፈልሽ በፊት ደግሞ የምታመለክችባቸው ዩኒቨርሲቲዎች የየትኛውን ድርጅት ግምገማ እንደሚቀበሉ ጠይቂ፤ አጠቃላይ ግምገማ ሳይሆን ኮርስ በኮርስ የሚዘረዝረውን ነው የምትፈልጊው። አንደኛው ሴሚስተር ላይ ያለፍሻቸው ኮርሶች አንድ ሁለቱ በጠቅላላ ትምህርት ሊያዙልሽም ይችላሉ።

ቀጥሎ የሚመጣው ካልኩለስ 2 ነው። ስለ ብላክስበርግም ሆነ ቅርብሽ ስላለው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ (ሜሰን) ከማውራታችን በፊት ይሄ ኮርስ መትረፍ አለበት፤ ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግርሻለሁ። 54 ሲያዩት ያስደነግጣል፤ በራስሽ ሲለበስ (የኮርሱ መግለጫ ወረቀት) ላይ ባለው ስሌት ግን ያን ያህል አይደለም። ሲ ለማግኘት 70 ከፈለግሽ ከመቶው 30 ነጥብ ማጣት ትችያለሽ። ፈተናው 15 ከመቶ ስለሚይዝ እስካሁን ያጣሽው 6.9 ብቻ ነው። ከቀረው 85 ላይ በአማካይ 73 ካመጣሽ ታልፊያለሽ። ሁለተኛው ፈተና ደግሞ 55 ቢሆን ከቀረው ላይ በአማካይ ወደ 77 ያስፈልግሻል፤ ይሄ እየከበደ የሚሄድ ነው። ስለዚህ የሁለተኛው ፈተና ውጤት ከመጣ በኋላ፣ ዊዝድሮው ማድረጊያው ቀን ከማለፉ በፊት፣ ተቀምጠሽ ይህን ሂሳብ እንደገና ሥሪው። በቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ያ ቀን የሚውለው የትምህርቱ 60 ከመቶ ሲያልቅ ነው፤ ትክክለኛውን ቀን ከኮሌጁ የቀን መቁጠሪያ አውጥተሽ ስልክሽ ላይ አስገቢው። ዊዝድሮው ስታደርጊ የሚመዘገብልሽ ደብልዩ ጂፒኤሽን አይነካም። ዲ ግን ይነካዋል፤ ለቀጣዩ ኮርስም ሆነ ለትራንስፈር አይሆንሽም፣ ደግመሽ ለመውሰድ ከተገደድሽ ደግሞ አንድን ኮርስ ከሁለት ጊዜ በላይ መመዝገብ ልዩ ፈቃድ ይጠይቃል። ደብልዩም ነጻ አይደለም፤ ለፌዴራል እርዳታ ከሞከርሽው ክሬዲት ቢያንስ 67 ከመቶውን ማጠናቀቅ አለብሽ፣ ደብልዩ ደግሞ እንዳልተጠናቀቀ ይቆጠራል።

ካልኩለስ 2 ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከለው በካልኩለሱ አይደለም፤ በአልጀብራና በትሪጎኖሜትሪ ነው። ኢንተግሬሽን ባይ ፓርትስ ገብቶት የመቀነስ ምልክት የሚጥል አለ፤ ፓርሻል ፍራክሽን በትክክል ጀምሮ እኩልታዎቹን መፍታት ላይ የሚጠፋ አለ፤ የሳይን ስኩዌርን ኢንተግራል ሲያይ የግማሽ አንግሉን ቀመር ማስታወስ የሚያቅተው አለ። የፈተና ወረቀትሽን አውጪና ያጣሽውን እያንዳንዱን ነጥብ ለዪው፤ ዘዴውን ስላላወቅሽው ነው፣ ዘዴውን አውቀሽ ስሌት ላይ ስለተሳሳትሽ ነው ወይስ ሰዓት ስላለቀብሽ? ዘዴው ከሆነ መምህሩ ቢሮው ተማሪ በሚያስተናግድበት ሰዓት ሂጂ፤ ስሌቱ ከሆነ በቀን ሃያ ደቂቃ የፕሪካልኩለስ ልምምድ ከማንኛውም ቪዲዮ ይበልጣል፤ ሰዓቱ ከሆነ የቤት ሥራውን ማስታወሻ ዘግተሽ፣ ሰዓት ይዘሽ ሥሪ። የኮሌጁ ቱተሪንግ ነጻ ነው። በኋላ የሚመጣው የሲሪስ ክፍል ደግሞ ከፊተኛው ጋር የማይመሳሰል ሌላ ዓይነት አስተሳሰብ ስለሚጠይቅ፣ ኢንተግሬሽኑን የቻሉ ተማሪዎች ሳይቀሩ እዚያ ላይ ይንሸራተታሉ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያዢው።

ይህ ሁሉ ግን ሰዓት ይፈልጋል። ያለሽን ደምሪው፤ 11 ክሬዲት ከነላብራቶሪው በሳምንት 13 ሰዓት ገደማ ክፍል ያስቀምጥሻል፣ ለአንድ ክሬዲት ሁለት ሰዓት ብቻ ብታጠኚ 22 ሰዓት፣ ሥራው 36። መንገዱንና የእናትሽን ጉዳይ ሳንጨምር 71 ሰዓት ነው፤ እሱም የማታ ሥራ ላይ። 54ቱን ያመጣው የጭንቅላትሽ ጉድለት አይመስለኝም። ሴሚስተሩ እስኪያልቅ፣ ስምንት ሳምንት ያህል፣ ወደ 24 ሰዓት መውረድ ትችያለሽ? የሚቀርብሽ በሳምንት 216 ዶላር ነው፤ በስምንት ሳምንት 1,728፣ ከታክስ በፊት። ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ኪራዩን እንደሚነካም አውቃለሁ። ቀዳዳውን ለመሸፈን ኮሌጁ ውስጥ ዎርክ ስተዲ (በገንዘብ እርዳታ በኩል ለተማሪ የሚሰጥ ሥራ) እንዳለ ጠይቂ፤ ከሌለ ደግሞ ብድር ስልሽ አትደንግጪ፣ ቢያንስ የሙሉ ጊዜ ተማሪን ግማሽ ያህል ክሬዲት ይዘሽ እየተማርሽ ሳለ ወለድ የማይቆጠርበት የፌዴራል ብድር አለ፣ የሚፈቀደውን ሁሉ ሳይሆን የሚያስፈልግሽን 1,500 ብቻ መውሰድ ትችያለሽ። ብድርን በቀላሉ አልመክርም። እዚህ ላይ ግን አንድ ኮርስ መውደቅ የሚያስከትለው መዘግየት ከ1,500 ዶላር በላይ ያስወጣሻል።

ምክንያቱ ይኸውና። ጓደኛሽ የምትቆጥረው ክሬዲት ነው። ኢንጂነሪንግ ውስጥ ግን የመመረቂያሽን ቀን የሚወስነው የክሬዲቱ ብዛት አይደለም፤ አንዱ ኮርስ ሳያልቅ ሌላው የማይከፈትበት ሰንሰለት ነው። ካለሽ 38 ክሬዲት ውስጥ ሰንሰለቱ ላይ የሚገቡት ካልኩለስ 1፣ ኬሚስትሪውና የኢንጂነሪንግ መግቢያው ብቻ ናቸው። የሲቪሉ ዋና መስመር እንዲህ ይሄዳል፤ ካልኩለስና ፊዚክስ 1 ስታቲክስን ይከፍታሉ፤ ስታቲክስ ዳይናሚክስንና ሜካኒክስ ኦፍ ማቴሪያልስን ይከፍታል፤ ሜካኒክስ ኦፍ ማቴሪያልስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስትራክቸራል አናሊሲስን ይከፍታል፤ ከእሱ በኋላ የብረትና የኮንክሪት ዲዛይን ይመጣል፤ መጨረሻው የመመረቂያ ፕሮጀክቱ ነው። ካልኩለስ 2 አሁን ቢወድቅ ይህ መስመር በሙሉ በአንድ ሴሚስተር ይገፋል። ፐብሊክ ስፒኪንግ ቢወድቅ የትም አይገፋሽም።

እንግዲህ ካልኩለስ 2ን አልፈሽ እንደሆነ እናስብ። ስፕሪንግ ላይ ካልኩለስ 3፣ ፊዚክስ 2ና ስታቲክስ፤ ሰመር ላይ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን፤ በሚቀጥለው ፎል ዳይናሚክስ፣ ሜካኒክስ ኦፍ ማቴሪያልስ፣ ሁለተኛው የኢንጂነሪንግ ዲዛይን ኮርስና አንድ የቀረ ጠቅላላ ትምህርት። እንደ ጓደኛሽ ምክር በሚመጣው ፎል ብትዛወሪ በዚያ ፎል የምትወስጂው ምንድን ነው? እነዚያኑ ዳይናሚክስና ሜካኒክስ ኦፍ ማቴሪያልስ። ስትራክቸራል አናሊሲስን ከዚያ በፊት የትኛውም ዩኒቨርሲቲ አያስጀምርሽም። የምትመረቂበት ቀን ብዙም ሳይቀደም ለተመሳሳይ ኮርሶች የምትከፍይው ነው የሚለየው፤ ኖቫ በክሬዲት 200 ዶላር ገደማ ስለሆነ 12ቱ ክሬዲት ወደ 2,400 ዶላር ይመጣል፣ በጆርጅ ሜሰን ለነዋሪ ተማሪ አንድ ሴሚስተር ወደ 7,000 ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ዓይነት ነው። የሚለወጠው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ኖቫ ሜካኒክስ ኦፍ ማቴሪያልስን በሰመር ከከፈተና አንቺም በዚያ ሰመር ሥራውን በጣም መቀነስ ከቻልሽ። የሰመር ኮርስ አንድ ሴሚስተሩን በጥቂት ሳምንት ጨምቆ ስለሚሰጥ ከ36 ሰዓት የማታ ሥራ ጋር አልመክረውም።

ለመሆኑ ጓደኛሽ የምታጠናው ምንድን ነው? ሰንሰለት የሌለው የትምህርት ዘርፍ ከሆነ በ30 ክሬዲት መውጣቷ ለእሷ ትክክል ነበር።

ኖቫን መጨረስ ሌላም ጥቅም አለው። የቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ከቨርጂኒያ ቴክም ከሜሰንም ጋር የቅበላ ዋስትና ስምምነት አላቸው፤ ዋስትናው የሚሠራው ግን የኮሌጁን የሁለት ዓመት ዲግሪ ለጨረሰ፣ የተጠየቀውን ጂፒኤ ላሟላና የተዘረዘሩትን ኮርሶች በሲና ከዚያ በላይ ላለፈ ነው። ለኢንጂነሪንግ የሚጠየቀው ጂፒኤ ከሌላው ዘርፍ ከፍ ሊል ስለሚችል የአንቺን መግቢያ ዓመት ሰነድ አንብቢ። አሁን ካልኩለስ 2 ሲ፣ ፊዚክስ ቢ፣ ስፒች ኤ ብታገኚ 3.3ቱ ወደ 3.2 ይወርዳል፤ መስመር ላይ የቆመ ቁጥር ነውና ለፊዚክሱም አትዘናጊ። ዋስትናው ዩኒቨርሲቲውን ነው ወይስ ሲቪል ኢንጂነሪንግን ራሱን? ይህን በጽሑፍ ጠይቂ። ቨርጂኒያ በተጨማሪ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተመርቀው ለሚዛወሩ፣ 3.0 ጂፒኤና የገንዘብ ፍላጎት ላላቸው ተማሪዎች የትራንስፈር ግራንት ትሰጣለች፤ መነሻው በዓመት 1,000 ዶላር ሆኖ ኢንጂነሪንግን ለመሳሰሉ ዘርፎች ሌላ 1,000 ይጨመርበታል። ሳይመረቅ የወጣ አያገኘውም። በዚህ አጋጣሚ መዝገብሽ ላይ ያለው ፕሮግራም አሶሺየት ኦፍ ሳይንስ የሚባለው ለመዛወር የሚያበቃ የሁለት ዓመት ዲግሪ መሆኑን አረጋግጪ፤ ኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ የሚለው አፕላይድ ዲግሪ ሌላ ነው፣ ኮርሶቹም ለሲቪል ኢንጂነሪንግ በአብዛኛው አይያዙም። ፊዚክስሽም በካልኩለስ የሚሰጠው 241 መሆን አለበት፤ 201 ከሆነ አሁኑኑ አድቫይዘርሽን አነጋግሪ።

ወደ «የት» እንምጣ። የሜሰንም የቴክም የሲቪል ፕሮግራሞች የኢንጂነሪንግ ትምህርትን የሚመዝነው የአቤት (ABET) ዕውቅና አላቸው፤ ስለዚህ ኤፍ ኢ የሚባለውን የመጀመሪያ የሙያ ፈተና ወስደሽ፣ ልምድ አካብተሽ ፒ ኢ የሚባለውን የኢንጂነርነት ፈቃድ ለማግኘት ያለው መንገድ አንድ ነው። ቨርጂኒያ ቴክ በስምም፣ ለኢንጂነሪንግ በሚመጡት ቀጣሪዎች ብዛትም ይበልጣል፤ ይህን መካድ አይገባም። ትምህርቱና ክፍያዎቹ በዓመት ወደ 16,000 ዶላር ናቸው፤ በዚህ ላይ ቤት ኪራይና ምግብ አለ፣ የኢንጂነሪንግ ተጨማሪ ክፍያም አለ። ለቤት የምትሰጪው 900ም ይቆማል። ሜሰን ወደ 14,000 ነው፣ ከቤት እየተመላለስሽ ትማሪያለሽ፣ በዙሪያሽ ያለው ሰሜን ቨርጂኒያ ደግሞ የመንገድ፣ የባቡርና የሕንጻ ሥራ የማይቋረጥበት ስለሆነ ኢንተርንሺፕን ከትምህርት ጋር ጎን ለጎን መሥራት ይቻላል። የቨርጂኒያ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የአካባቢው ጽሕፈት ቤትም እዚያው ፌርፋክስ ነው። በጻፍሽልኝ ሁኔታ እኔ ወደ ሜሰን አዘነብላለሁ። ግን ለሁለቱም አመልክቺና የገንዘብ እርዳታ ደብዳቤያቸውን ጎን ለጎን አስቀምጪ፤ ቴክ የሚሰጥሽ ግራንት ሂሳቡን ሊገለብጠው ይችላል።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ብላክስበርግን የምትፈልጊው ለትምህርቱ ነው ወይስ ትንሽ ከቤት ለመራቅ? ሁለተኛው ቢሆንም ነውር አይደለም። በ19 ዓመትሽ መጥተሽ የቤቱ አስተርጓሚ፣ ጸሐፊና ኪራይ ከፋይ የሆንሽ ልጅ ነሽ፤ መተንፈስ ብትፈልጊ ማንም አይፈርድብሽም። ለዚያ ስትይ አራት ሰዓት መራቅ አለብሽ ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

እናትሽስ የምትፈራው ርቀቱን ነው ወይስ ብቻዋን መቅረቱን? ዝምታዋን አንቺ እየተረጎምሽው ይሆናል። «ልሂድ ወይስ ልቅር» ብለሽ ከመጠየቅ ይልቅ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወይም በተመቻችሁ ሰዓት ቡና ላይ፣ አንቺ ለቤተሰቡ የምትሠሪውን ጉዳይ ሁሉ ዘርዝረሽ ይዘሽ ተቀመጪ። የሐኪም ቤቱ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ቀጠሮ ሲያዝ አማርኛ ማለት ብቻ ነው። የወንድምሽ ትምህርት ቤትም አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። የኤሌክትሪክና የስልክ ሂሳቡን ወንድምሽ ሊረከብ ይችላል፤ ሃይስኩል የደረሰ ልጅ ከሆነ። ሸክሙ ከአንቺ ላይ ሲወርድ ሜሰንም ብትገቢ ይጠቅምሻል፤ የሲቪል ሦስተኛ ዓመት በ36 ሰዓት ሥራና በዚህ ሁሉ ጉዳይ የሚያዝ አይደለም።

አጎትሽን አመስግነሽ እለፊው። ነርሲንግም ቅድመ ኮርሶችና ውድድር ያለበት የራሱ ረጅም መንገድ ነው፤ የማትወጂውን ከዜሮ መጀመር ቶሎ ራስ መቻል አይሆንም።

አሁን የምታደርጊው። ትራንስፈር ቨርጂኒያ በሚባለው የስቴቱ ድረ ገጽ ላይ ያለፍሻቸውንና የምትወስጃቸውን ኮርሶች አስገብተሽ እያንዳንዱ ሜሰንና ቴክ ላይ በምን ስም እንደሚያዝ አትሚው። በዩኒቨርሲቲው በራሱ የኮርስ ቁጥር የተተካ ኮርስና ባዶ «ኢሌክቲቭ» (ምርጫ ኮርስ) ተብሎ የተያዘ አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው ክሬዲት ይሰጥሻል እንጂ ከሰንሰለቱ ላይ አያራምድሽም። ያንን ወረቀት ይዘሽ የሜሰን ሲቪል ዲፓርትመንት ትራንስፈር አድቫይዘር ዘንድ ኢሜይል ጻፊ። ሦስት ነገር ጠይቂ፤ ከእነዚህ ውስጥ ለሲቪል ዲግሪው የሚቆጠሩት የትኞቹ ናቸው፣ በጃንዋሪ የሚዛወር ተማሪ ይቀበላሉ ወይ፣ ስትራክቸራል አናሊሲስ የሚሰጠው በየትኛው ሴሚስተር ነው። የመጨረሻው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል፤ በዓመት አንዴ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ግን ጃንዋሪ ገብተሽ ኮርስ አጥተሽ ልትቀመጪ ትችያለሽ፤ ያኔ ኖቫ ጨርሰሽ በፎሉ መግባት ይሻላል። ለቴክም ያንኑ ጻፊ፤ ብዙ የኢንጂነሪንግ ፕሮግራሞች ትራንስፈር የሚቀበሉት በፎል ብቻ ነው። የምትወስጃቸውን ኮርሶች ሲለበስ ደግሞ ሁሉንም ፒዲኤፍ አድርገሽ አስቀምጪ፤ አንድ ኮርስ በስህተት ኢሌክቲቭ ተብሎ ቢያዝ ይግባኝ የሚባለው በሱ ነው።

ፋፍሳ፣ የፌዴራል የተማሪ እርዳታ ማመልከቻው፣ ብዙውን ጊዜ ኦክቶበር 1 ይከፈታል። 24 ዓመት እስኪሞላሽ የእናትሽ መረጃ ስለሚያስፈልግ እሷም የራሷን መለያ መክፈት አለባት፤ ይህን ከወዲሁ አብራችሁ ጨርሱት፣ የሚያዘገየው እሱ ነውና። የምታመለክችባቸውን ዩኒቨርሲቲዎች ኮድ ጨምሪ። ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ የፌዴራል እርዳታ በጠቅላላው የ12 ሙሉ ሴሚስተር ያህል ብቻ ስለሆነ የተጠቀምሽውን መጠን መለያሽ ውስጥ እዪ። ሜሰንና ኖቫ ከ2018 ጀምሮ አብረው የሚያካሂዱት አድቫንስ የሚባል ፕሮግራምም አለ፤ ገና ሲጀምሩ ለሚገቡት የተዘጋጀ ስለሆነ 38 ክሬዲት ላይ ላያስገባሽ ይችላል፣ መጠየቁ ግን አይጎዳም። ወንድምሽ ኖቫ የሚገባ ከሆነ ግን ከመጀመሪያው ቀን በዚያ በኩል ይግባ።

የስፕሪንግ ምዝገባ ሲከፈት ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ስታቲክስን ያዢ። ከማታ ሥራሽ ጋር የሚስማማሽ ክፍል አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ከሞላብሽ ወረፋው ላይ ተመዝገቢና በዚያው ቀን የሌሎቹን ካምፓሶች፣ በተለይ የማናሳስንና የላውደንን፣ ዝርዝር ተመልከቺ።